ሥራ አጥ ሞልቶ ሠራተኛ የጠፋበት አገር፦ የደምበጫ እርሻና የጉልበት ታሪክ

በደምበጫና በአካባቢዋ ክረምት በመጣ ቁጥር ሁለት ስሞታዎች አብረው ይሰማሉ። አንደኛው የባለ መሬቱ ገበሬ ነው፤ «አራሚ ጠፋ፣ ጤፉን አረም ዋጠው» ይላል። ሁለተኛው የወጣቱ ነው፤ «ሥራ የለም፤ መሬትማ ከየት መጥቶ!» ይላል። ሁለቱም የሚነሡት በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖሩ አባትና ልጅ ነው። ፈላጊና ተፈላጊ በአንድ መንደር እያደሩ የማይገናኙበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ ነው?

ለዚህ ጥያቄ በስብሰባ አዳራሾች የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ወጣቱ ሥራ ይንቃል» ይባላል። መልሱ ለተናጋሪው ምቹ ነው፤ ማንንም አያስጠይቅም፣ ሕግ አያስመረምርም፣ በጀት አያስመድብም። ሥራ ናቀ የተባለው ወጣት ግን በመስከረም መጨረሻ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መተማና ሁመራ የሚወርድ፣ በቆላው ሐሩር ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ የሚያጭድ፣ ሌሊቱን ሜዳ ላይ የሚያድር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። ልንጠይቅ የሚገባን ጉልበቱን ለምን እዚያ ሸጦ እዚህ እንደሚነፍግ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በጎጃም ደጋ የእርሻ ጉልበት አቅርቦትን በዋናነት ሲወስን የኖረው የቀን ምንዳ አልነበረም። መሬት ማን ያገኛል፣ ማን አያገኝም የሚለው ሕግ ነበር። ምንዳ የሚሠራው ሕጉ ሰውን ከደለደለ በኋላ በተረፈው ላይ ነው። ይህን ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ደምበጫ ለታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለችም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው የጣሊያን ጦር ከጌዴዎን ጦር ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር የተጋጨው በዚህችው ከተማ አቅራቢያ ነው። ስለዚያ ውጊያ እንግሊዞቹም እኛም ብዙ ጽፈናል። በዚያው ዓመት ክረምት ማን እንዳረሰና ማን እንዳረመ ግን የጻፈ የለም። (የጦርነት ታሪክ ሁልጊዜ ስንቁን ከየት እንዳመጣው ይረሳል።)

ከ1967ቱ አዋጅ በፊት የአካባቢው የመሬት ሥርዓት ርስት ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ከደምበጫ በስተሰሜን ባለው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በመጽሐፍ አሳትሞታል። የሥርዓቱ ጠባይ ይህ ነው፦ ሰው በአባቱም በእናቱም ሐረግ ከአቅኚ አባት መወለዱን ካስረዳ ከዚያ አባት መሬት ላይ ድርሻ ይገባኛል ማለት ይችላል። ማለትና ማግኘት ለየቅል ናቸው፤ ለማግኘት ሽማግሌ፣ ዘመድ፣ አፈ ጮሌነት፣ አንዳንዴም ዱላ ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ነገር እርግጥ ነበር። ክርስቲያን ገበሬ ሆኖ ምንም ዓይነት የመሬት ተስፋ የሌለው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ዘንድሮ ያጣው ለከርሞ ይሟገታል።

ኤቭሴይ ዶማር የተባለው የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ላይ ነፃ መሬት፣ ነፃ ገበሬና ሥራ የማይሠራ ባለ መሬት ሦስቱ ባንድነት ሊኖሩ እንደማይችሉ ይከራከራል። ሰው የራሱን ቁራሽ ማረስ ከቻለ ለሌላው በምንዳ አያርስም፤ ስለዚህ ጌታው ሠራተኛ ከፈለገ ማስገደድ አለበት ማለት ነው። ዶማር ያሰበው ስለ ሩሲያና ስለ አሜሪካ ነበር። ለጎጃም ግን ልክ የሚሆን ሐሳብ ነው። ርስተኛ ገበሬ በምንዳ አይገኝም፤ መኳንንቱም ጉልበት ያገኙ የነበረው በሌላ መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ ሁዳድ ነው። ገበሬው የተወሰኑ ቀናት በሬውን ጠምዶ የጌታውን መሬት ያርስ፣ ያርም፣ ያጭድ፣ ይወቃ ነበር። ሁለተኛው ደስ ብሎን የማናነሣው ባርነት ነው። የጎጃም መኳንንት ከጉሙዝና ከአባይ ማዶ አገሮች በወረራ የተነጠቁ ወይም በገበያ የተገዙ ሰዎችን በቤታቸውና በእርሻቸው ያሠሩ ነበር፤ የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቡናውና ከወርቁ ጋር ሰው የሚሸጥበት ዋና ሥፍራ ነበር። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ጦርነት ለንጉሥ ምኒልክ ሲሸነፉ ጎጃም ከአባይ ማዶ ባሉት አገሮችና በንግዳቸው ላይ የነበራት ተስፋ ተቆረጠ፤ የደቡብ ምዕራቡ ንግድም ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የባሪያ ልጅ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። ጉልበቱንና እጁን ይዞ ወደ ሰው ደጅ የሚሄደው ይህ ወገን ነበር። ይህን የምጽፈው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። በጎጃም ለሰው ማሳ ተቀጥሮ መሥራት «ሎሌነት» የሚል ጠረን የያዘው ከዚህ ታሪክ ስለሆነ ነው። ዛሬ አንድ የደምበጫ ወጣት በጎረቤቱ ማሳ ላይ ተቀጥሮ ማረምን ሲሸሽ የሚሸሸው ሥራውን ብቻ አይደለም፤ ስሙንም ነው። የማያውቀው አገር ወርዶ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ግን ስሙን ከአገሩ ጥሎት ይሄዳል።

ተራው ገበሬ እርስ በርሱ የተረዳዳው በወንፈልና በደቦ ነው። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ ብድር ነው። ደቦ ደግሞ ድግስ ነው፤ ጠላውና እንጀራው የሠራተኛው ዋጋ ነው። እህል ሲወደድ ደቦም ይወደዳል። ስለ ደቦ የሚናፍቁ ብዙ ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ ባለ ጎተራው ደቦ ጠርቶ በአንድ ቀን ሲያሳጭድ ድሃው ተራ እስኪደርሰው ሰብሉ ሲረግፍ እንደሚያይ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ደግሞም ጉልበት ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ምንም የሌለው ለአንድ ቀን ጥማድ የራሱን ሁለትና ከዚያ በላይ ቀን ጉልበት ይሰጣል። የ1880ዎቹ ክፉ ቀን ይህን በአስከፊ መልኩ አሳይቷል። የከብት ወረርሽኙ በሬውን ሲፈጀው ሰውና መሬት ነበሩ፤ እርሻ ግን አልነበረም።

የበዓላቱንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠሩ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ በየወሩ ይከበራሉ፤ እንደየደብሩም ይጨመርባቸዋል። የደርግ ካድሬዎች ይህን የድህነታችን ሁሉ ምንጭ አድርገውት ነበር። እኔ እንደዚያ አላይም። ተገዶ ሁዳድ የሚያርስ ሰው ማንም የማይነጥቀው የዕረፍት ቀን ነበረው ማለት ነው። ያም ሆኖ በአረም ወራት የሥራ ቀን ቁጥር ጥቂት መሆኑ የጉልበትን እጥረት እንደሚያብስ የሚካድ አይደለም።

ወደ ግብር እንለፍ። በአፍሪካ የቅኝ ገዥዎች ታሪክ ገበሬን ወደ ምንዳ ሥራ የመንዳት ዋናው መሣሪያ ግብር ነበር። ሴሲል ሮድስ በ1894 በኬፕ ያስወጣው የግሌን ግሬይ ሕግ ከመንደሩ ወጥቶ ባልሠራ ጥቁር ወንድ ላይ ዐሥር ሺልንግ ይጥል ነበር። በኬንያ የጎጆ ግብር ያንኑ ሥራ ሠርቷል። ጥሬ ገንዘብ አምጣ የተባለ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ ወዳለበት ወደ ነጩ እርሻ ይሄዳል።

በጎጃምስ? ከጣሊያን መባረር በኋላ የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የጉልበትና የእህል ግዴታዎችን በገንዘብ ሊተኩ ሲነሡ የጎጃም ገበሬ የተቀበላቸው በመሣሪያ ነው። ሸፈተ፤ መሬቱ እንዲለካም እንቢ አለ። የመጨረሻውና ትልቁ ዐመፅ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከጠቅላይ ግዛቱ ገዥነት ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተከማቸውን ውዝፍ ግብር ማሩ። ይህን ዐመፅ ብዙ ጊዜ የምናነብበው እንደ ጀግንነት ወይም እንደ ወግ አጥባቂነት ታሪክ ነው። ከጉልበት ታሪክ አንፃር ግን ሌላ ትርጉም አለው። ርስቱ እንዳይለካና እንዳይሸጥ በመከላከሉ ገበሬው ራሱን ከጭሰኝነትና ከምንዳ ሠራተኝነት አዳነ። በአርሲና በጨርጨር ትራክተር ጭሰኛውን ከመሬቱ ሲነቅለው በደምበጫ የተነቀለ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጎጃሜ ከአገሩ አልወጣም ማለት አይደለም። ከአብዮቱ በፊት ለቡና ለቀማ ወደ ከፋ፣ ለሰሊጥና ለጥጥ ወደ ሁመራ የሚወርደው ብዙ ነበር። (ጎጃም ከጥንትም ልጇን በመንገድ ላይ ማሳደግ ታውቃለች፤ የቆሎ ተማሪው ማን ነው?) የወጣው ግን መሬት ስላጣ አልነበረም። ለበሬ መግዣ፣ ለሠርግ፣ ለልብስ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ ነበር። ሥራው ካልተመቸው ይመለሳል፤ የሚመለስበት ማሳ አለውና። የእርሻ ባለሀብቱ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ለማምጣት ጥሩ መክፈል ነበረበት።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ሲታወስ የአዋጁ አንድ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የገጠር መሬትን በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስ ተከለከለ። ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው ሴቶች፣ ለሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ለሙት ልጆች ብቻ የተለየ ፈቃድ ተሰጠ። ሐሳቡ ብዝበዛን ማጥፋት ነበር፤ በቀና ልብ የተጻፈ እንደነበር አልጠራጠርም። ውጤቱ ግን የገጠርን የጉልበት ገበያ በወረቀት ማጥፋት ሆነ። ሎሌው መሬት አገኘ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ባለ ብዙ ማሳው ደግሞ ሠራተኛውን አጣ።

የተወረሱት የሁመራ እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ሲሆኑ ችግሩ ፈጦ ወጣ። የደጋው ገበሬ የራሱ ቁራሽ አግኝቷል፤ ከገበሬ ማኅበሩ ፈቃድ ሳይዝ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ቆላውም የጦርነት ቀጠና ሆኗል። ሰሊጡን ማን ይጨደው? በ1972 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት የመለሰው ዶማር እንደተነበየው ነው። ሥራ አጥ የተባሉ ሰዎች ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች እየታፈሱ ወደ ሁመራ ተወሰዱ። ብዙዎች በበሽታና በችግር አለቁ፤ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን አመለጡ፤ ጉዳዩም በዓለም አቀፍ መድረክ በግዳጅ ሥራ ስም ተነሣ። ብዝበዛን ለማጥፋት ቅጥርን የከለከለ መንግሥት በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ሰው ወደ ማፈስ ደረሰ።

በደምበጫ ደረጃ የደርግ ዘመን የሚታወሰው በሁለት ነገር ነው፤ በኮታና በውትድርና። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ትርፍ አምራች በነበረው በጎጃም ላይ ኮታውን አክብዶ በዝቅተኛ ዋጋ እህል ይወስድ ነበር፤ በዚህ ዋጋ ሠራተኛ ቀጥሮ ማሳረም ቢፈቀድ እንኳ የሚያዋጣ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ደግሞ የሚያርሰውን ክንድ ራሱን ወሰደ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቅጥር ተፈቀደ፤ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥቂት ሳምንታት ፈራረሱ። ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ ቁልፍ ደረስን። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት በጎጃምና በሌሎች አካባቢዎች መሬት አከፋፈለ። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩት «ቢሮክራሲ»፣ የቀደመው ሥርዓት ሰዎች «ቅሪት ፊውዳል» ተብለው ከአራት ጥማድ፣ አንድ ሄክታር ገደማ፣ በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 12 ጥማድ ነበር። ቅሬታው አዲስ አበባ ድረስ ደረሰ፤ ተማሪዎችም ለገበሬዎቹ ደግፈው ሰልፍ ወጡ። የፍትሑን ጉዳይ ሌሎች ጽፈውበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ማለትም ምንም አለመሆኑ። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ክፍፍል አልተደረገም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅና በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ አዋጅ ይዞታን አረጋጉ፤ ባልና ሚስት ፎቶግራፋቸው የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር አገኙ። ይዞታ መረጋጋቱ መልካም ነው፤ ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ዛፍ ይተክላል። በሌላ በኩል ግን በሩ ተዘጋ። በክፍፍሉ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል፤ ምናልባት አግብቶ ወልዷል፤ በስሙ አንዲት ጥማድ የለችም። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሠርቶም ሊገዛው አይችልም።

በጎጃም ደጋ ታሪክ ይህን ያህል ብዛት ያለው፣ ክርስቲያን የገበሬ ልጅ ሆኖ ከርስት ተስፋ የተቆረጠ ትውልድ ሲፈጠር የመጀመሪያው ይመስለኛል። አያቱ በሙግት ተስፋ ያደርግ ነበር፤ አባቱ በክፍፍል። እሱ የሚጠብቀው የአባቱን ሞት ነው። ይህ ለአባትም ለልጅም ደስ የሚል ሁኔታ አይደለም።

እንግዲያው ይህ ሁሉ ወጣት እያለ አራሚ ለምን ይጠፋል? አርተር ሉዊስ በ1954 ባሳተመው ጽሑፉ በድሃ አገር ገጠር ውስጥ ገደብ የለሽ የጉልበት አቅርቦት አለ፤ ሰው ቢቀነስ ምርት አይቀንስም ብሎ ነበር። ሉዊስ ታላቅ ሰው ነው፤ ደምበጫን በሚያዝያ ቢያያት ልክ ነው እንል ነበር። በነሐሴ ግን ልክ አይደለም። ጤፍ አራትና አምስት ጊዜ የታረሰ ለስላሳ ማሳ ይፈልጋል፤ በሐምሌ ይዘራል፤ በነሐሴና በመስከረም በእጅ ይታረማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በማጭድ ይታጨዳል። ሰሊጥ ደግሞ በቆላው በሐምሌና በነሐሴ ይታረማል፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨዳል። ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። የሰሊጥ አጨዳ ከደጋው ጤፍ አጨዳ ቀድሞ ስለሚያልቅ ወጣቱ ሄዶ ለኅዳር ሊመለስ ይችላል፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። የአረሙ ወራት ግን አንድ ላይ ይወድቃል። በነሐሴ ደምበጫና መተማ አንድን ሰው ይሻሙበታል፤ ደምበጫ ይሸነፋል።

ለምን ይሸነፋል? የሰሊጥ ፍሬ ሲደርስ ዛላው ይከፈታል፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ባለ እርሻው መደራደሪያ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በሄክታር ወይም ሂላ በሚባለው የሰሊጥ ክምር ቁጥር ይከፍላል፤ ጎበዝ የሆነ በጥቂት ሳምንት የተጠራቀመ ገንዘብ ይይዛል። የአገር ቤት የቀን ምንዳ ግን በየቀኑ መጥቶ በየቀኑ የሚበላ ነው። ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ አንድ የደምበጫ ገበሬን «አባባ፣ ልጆችዎ እያሉ አራሚ የሚፈልጉት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ልጄ፣ ለእኔ ቢያርም የሚያገኘው እንጀራ ነው፤ እሱንም ባያርምም ይበላዋል። መተማ ቢወርድ የበሬ ዋጋ ይዞ ይመጣል» አሉኝ። ይህን ያህል ዓመት ያስተማርሁትን ትምህርት በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

በዚህ ላይ ሌሎች ነገሮች ይደረባሉ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲስፋፋ እረኛው ትምህርት ቤት ገባ፤ ከብት ጠባቂ ሲጠፋ አዋቂው እረኛ ሆነ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግንባታ የቀን ሠራተኛ ሳበ። ልጃገረዷ፣ የማረም ሥራ ግማሽ ባለቤት የነበረችው፣ ወደ ከተማ ቤት ሠራተኛነት፣ አንዳንዷም ወደ ዐረብ አገር ሄደች። ከዳሞት ዝቅ ብሎ በአገው ምድር ፋግታ ለኮማ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ ተክሎበት ከሰል ማክሰል ጀመረ፤ በእኛም በኩል ባሕር ዛፉ ወደ እርሻው እየገባ ነው። ባለሙያዎች የአፈር አሲዳማነትን ያነሣሉ፤ እውነት ነው። ግን ዛፍ አራሚ አይፈልግም፤ ይህም ምክንያት ነው። እርጅና የተጫነው ወይም ባሏ የሞተባት ባለ ይዞታ መሬቷን በእኩል ለባለ በሬ ታሳርሳለች። ወጣቱ ግን በሬ ስለሌለው የእኩል አራሽ እንኳ ሊሆን አልቻለም። በሬውን ለማግኘት መተማ መውረድ አለበት። ክቡ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

የመተማ መንገድ ዋጋ ግን ብር ብቻ አይደለም። ደጋ ያደገ ሰውነት ንዳድን አይችልም። ካላዛር ከዋልካው መሬት ስንጥቅና ከግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሣው ወረርሽኝ ከቆላው በተመለሱ የቀን ሠራተኞች በኩል እንደገባ ይታመናል። ከዚህም የከፋው በ2013 ዓ.ም. መጣ። ጥቅምት 30 ቀን በማይካድራ የተጨፈጨፉት ብዙዎቹ ትግሬ ያልሆኑ፣ ለሰሊጥ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኅዳር ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 600 ብሎ ገምቷል። ከዚያ በኋላ በትግራይ ተወላጆች ላይ የደረሰውን የበቀል ግድያና ማፈናቀልም ኮሚሽኑ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ባወጣው ሪፖርት መዝግቧል። ስለ ማይካድራ ብዙ ፖለቲካ ተወራ። እነዚያ ልጆች እዚያ ምን ሊሠሩ እንደወረዱ፣ በአገራቸው ምን አጥተው እንደወረዱ ግን ጥቂት ተባለ። የወልቃይት ጥያቄ የማን መሬት ነው የሚል ክርክር ነው፤ የሞቱት የቀን ሠራተኞች ግን በየትኛውም ወገን መሬት አልነበራቸውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደጋው ላይ ደረሰ። መንገድ ተዘጋ፣ እገታ በዛ፣ ወጣት ሆኖ በመኪና መጓዝ ለሁሉም ወገን የሚያስጠረጥር ሆነ። አንዳንዱ ጫካ ገባ፣ አንዳንዱ ሸሸ። መውረድ ሲከለከል ጉልበቱ በአገር ቤት ይረክሳል ብሎ የጠበቀ ካለ አልሆነለትም። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ፤ ማዳበሪያም አንዱ ነው። ማዳበሪያ ላይ ያወጣ ገበሬ ለአራሚ የሚከፍለው አይተርፈውም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል፤ እረኛው ተመልሷል ማለት ነው፤ ማንም በዚህ መንገድ እንዲመለስ አልተመኘም።

አሁን «መፍትሔው ሜካናይዜሽን ነው» የሚል ድምፅ በርትቷል። ኮምባይነር በስንዴ ኩታ ገጠም ላይ ጥሩ ይሠራል፤ አይቼዋለሁ። ጤፍን ግን ያን ያህል አይደፍርም፤ አረሙንም አያርምም፤ ከአንድ ሄክታር በታች ወደሆነ ገደላ ገደል ማሳም አይወጣም። ደግሞስ ማሽኑ አጫጁን ሲተካ አጫጁ የት ይሂድ? ለዚህ የቡሬው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይጠቀሳል፤ ከደምበጫ ቅርብ ነው፤ ተስፋም አለው። ግን ከፓርኩ በር እስከ አንድ ወረዳ መሬት አልባ ወጣት ድረስ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም።

የሚቀጥለው የጉልበት ክፍፍል በምክር ቤት ሳይሆን በወረዳ ፍርድ ቤት የሚፈጸም ይመስለኛል። በ1989 ዓ.ም. አርባ ዓመታቸው የነበሩት ባለ ይዞታዎች ዛሬ ሰባ እየደፈኑ ነው። አራትና አምስት ልጅ አላቸው፤ ማሳቸው ሦስት ወይም አራት ጥማድ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ከዝቅተኛው የይዞታ መጠን በታች መሸንሸንን ይከለክላል። አባታቸውን ሲጦር የኖረው ይወርሳል ወይስ መተማ ወርዶ በሬ የገዛው? የንጉሡ ዘመን አዛውንት የርስት ሙግትን ያስታውሳሉ፤ ችሎቱ ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቀው የዛሬው ባለጉዳይ አብዛኛው ወንድምና እኅት ነው።